የጋሽ መዳፍ ባዶ ምት

የጋሽ መዳፍን እውነተኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰው ሁሉ ጋሽ መዳፍ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የተጨረማመተ የመኪና አካል ሲያቃና የኖረ ባትላሜራ ነው፤ ሥራው ማለቁን የሚያረጋግጠው ደግሞ በዓይኑ ሳይሆን ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ በማንሸራተት ነው። ዓይን ይሸነገላል፣ መዳፍ አይሸነገልም ባይ ነው። መዳፉ አንድ ቦታ ላይ ቆም ካለ ባለመኪናው ቢለምንም፣ ቢቆጣም፣ በትልቅ ሰው ቢያስደውልም መኪናው ከጋራዡ አይወጣም።

ልጁን ጥድፊያ ይሏታል። በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው፤ አዋላጇ ጓንቷን አጥልቃ እስክትጨርስ እንኳ አልጠበቀችም። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሃያ ሦስት ዓመታት በሩጫ አሳለፈቻቸው። ቆማ ትበላለች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወጣለች፣ ሰው የጀመረውን ወሬ ነጥቃ ትጨርሳለች። የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ማሽን ለሌላው ሰው ጨዋ ነው፤ እሷ ስትነካው ግን ወረቀት ማኘክ ይጀምራል። ጋሽ መዳፍ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚላት ሁለት ነገር ነው፦ «እርጊ» እና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይላታል። ያ እንቁላል እስካሁን በእግሩ መሄድ ብቻ ሳይሆን ትዳር መሥርቶ ልጅ በዳረ ነበር።

እንዲህ ያለች ልጅ ሙዚቃ ስትጀምር ለስላሳ እንጉርጉሮ ታወጣለች ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ የዋህ ነው። ጥድፊያ የያዘችው ፖፕ ፓንክ ነው፤ ጊታሩ የሚጮኽ፣ ድራሙ የሚሮጥ፣ በሦስት ደቂቃ ተጀምሮ የሚያልቅ፣ ዜማው ግን ከሰው ጋር ቤት ድረስ ገብቶ እራት ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። እሷ ጊታር ይዛ ትዘፍናለች። ቤዝ የምትጫወተው ጓደኛዋ ፀጉር ሠሪ ናት። ድራም የሚመታው ደግሞ ነርስ ነው፤ ቀን በሽተኛ ያስተኛል፣ እሁድ እሁድ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የሚለማመዱት ጋሽ መዳፍ ጋራዥ ውስጥ፣ ከተገነጠሉ በሮችና ከስቱኮ ጣሳዎች መካከል ነው። ድራሙም እዚያው ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ይከርማል።

ጋሽ መዳፍ ለማንም ያልነገረው ምስጢር ነበረው። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ይመታል። አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ በመጣ ቁጥር ያንኑ ዘፈን ሲሰማ የኖረ ሰው ወይ ያብዳል ወይ ይለምዳል፤ እሱ ለመደ። ዘፈኑ «አልረጋም» ይባላል። ስለ ማን እንደተዘፈነ ለማወቅ ደግሞ ጠበቃ ማቆም አያስፈልግም። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ
እኔ እዚህ አልጠብቅም፤
እርጊ እርጊ አትበሉኝ
አልረጋም፣ አልረጋም።»

ጋሽ መዳፍ መጀመሪያ ሲሰማው ክው አለ። ሁለተኛ ሲሰማው ሚስቱ እንዳታየው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ መዶሻ ይዞም ያንጎራጉረው ጀመር።

የቀረጻው ቀን ጥድፊያ እንደ ልማዷ ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሠራችው። ዘፈኑ ገና ሳይቀዳ ለሬዲዮ ጣቢያ «ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል» ብላ ቃል ገብታለች። ማን ምን እንደተጫወተ የሚጻፍበትንም ቅጽ ቀድማ ሞልታ ልካለች። ስቱዲዮውን ያገኘችው ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ጠዋት ታዲያ ነርሱ ደወለ፤ ሆስፒታሉ በበሽተኛ ተጨናንቋል፣ መውጣት አይችልም።

ጥድፊያ ጋራዡ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ለሰው ሁሉ ደወለች። ድራም የሚመታ አንድም ሰው ጠፋ። ፀጉር ሠሪዋ ጥፍሯን እያየች «አባትሽ አሉ እኮ» አለች።

«ምን?»

«ይመታሉ። ባለፈው የረሳሁትን ጃኬት ልወስድ መጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ዘፈኑን ከኛ በላይ ያውቁታል።»

ጋሽ መዳፍ ሲጋለጥ ጊዜ መዳፉን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ መዳፉ ግን ንጹሕ ነበር። «ከቸገራችሁ…» አለ። ልቡ ግን ገና ሳይጠየቅ ስቱዲዮ ደርሶ ነበር።

ስቱዲዮው ጠባብ ክፍል ነው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል። ጋሽ መዳፍ ዞር ዞር ብሎ አየና «እዚህም ተከተለን» አለ። የሳቀለት ሰው የለም፤ ሁሉም ሰዓት ያያል። የመጀመሪያውን ሲቀዱ ጋሽ መዳፍ ጣውላ ሆነ። በሁለተኛውም ያው። በሦስተኛው አቀናባሪው «ጋሼ፣ ሥራ ቦታዎ ያሉ ይምሰልዎት» አለው። ጋሽ መዳፍ ዓይኑን ጨፈነ። እጁ ተፍታታ፣ ዘፈኑም ተነስቶ ሮጠ፣ ከዚያ በኋላ መቅዳትም አላስፈለገም።

መልሰው ሲያዳምጡት የጥድፊያ ፊት ተለወጠ።

«ምንድን ነው ይሄ ጢን ጢን የሚለው?»

«የቱ?» አለ ጋሽ መዳፍ።

የምሩን ነው፤ አልሰማውም። በአንዱ ከባድ ምትና በሚቀጥለው መካከል የበትሩ ጫፍ የድራሙን የብረት ጠርዝ ሁለቴ ነካ ነካ ያደርገዋል። መዶሻ ሲይዝም እንዲሁ ነው፤ ሁለቴ ብረት ሳይነካ ከባዱን ደግሞ አይመታም። ሰው የገዛ ትንፋሹን እንደማይሰማ እሱም ይህንን ከሰማው ብዙ ዘመን ሆኖታል።

አቀናባሪው ሊያጠፋው ሞከረ። አልጠፋም፤ ከድራሙ ድምፅ ጋር ተጣብቋል። ለሌላ ቅጂ ጊዜ የለም፤ ደጅ ላይ ተረኛ ዘፋኝ ቆሟል። ጥድፊያ እጇን ፀጉሯ ውስጥ ሰደደች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም» አለች። «ዘፈኑን አበላሸኸው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልሰው አይጎትቱትም። ፀጉር ሠሪዋ መሬት መሬት አየች። አቀናባሪው በሌለ ሥራ ተጠመደ። ጋሽ መዳፍ በትሮቹን ድራሙ ላይ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠና «ይቅርታ» ብሎ ወጣ። እስከ ጋራዡ ድረስ በእግሩ ሄደ። ያን ቀን አንድ በር ሦስት ጊዜ አቃንቶ ሦስት ጊዜ አበላሸው።

ነጠላ ዜማው ሰኞ ጠዋት ከነጢን ጢኑ ተለቀቀ። ጋሽ መዳፍ መነጽሩን አድርጎ በሚስቱ ስልክ ላይ ከዘፈኑ ሥር የተጻፈውን አነበበ። «ድራም» ከሚለው ጎን የዚያ ነርስ ስም ነው ያለው። ደግሞ አነበበው። ስልኩን መለሰላትና «ጥሩ ነው» አለ። ሰላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት እሱ «ጥሩ ነው» የሚለው ነገሩ ጥሩ ሳይሆን ሲቀር መሆኑን ታውቃለች።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጁ በዚያው «አበላሸኸው» ባለችበት አፏ፣ ሰው ባለበት፣ «የመታኸው አንተ ነህ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» እንድትለው። እንድትለው መጠየቅ ግን ሞቱ ነው። እሷም ብትሆን በማግስቱ ነው የቆጫት፤ ግን በሌላው ነገር ሁሉ የምትፈጥነው ልጅ ይቅርታ ላይ ስትደርስ እግሯ ይተሳሰራል። ስለዚህ አባትና ልጅ ማዕድ ላይ «ጨው አቀብዪኝ»፣ «እንካ» እየተባባሉ ከረሙ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሬዲዮ ጣቢያውም ስላላጫወተው ዘፈኑን የሰሙት የፀጉር ሠሪዋ ደንበኞች ናቸው፤ እነሱም የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ራሳቸው ላይ ሆኖ መሸሽ ስላልቻሉ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዱ የጠዋት ሬዲዮ አቅራቢ ዘፈኑን አጫወተና ጢን ጢኑ ጋ ሲደርስ በእስክሪብቶው ብርጭቆውን ሁለቴ መታ። ቀልዱን ነው። በማግስቱ አድማጮች እየደወሉ በስልክ ውስጥ ማንኪያ መቱለት። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ዘፈኑ ከሳምንቱ ምርጥ አስር ውስጥ ገባ፣ አንደኛ ወጣ፣ ሰባት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። የስልክ ጥሪ ማሳመሪያ ሆነ። አንድ የለስላሳ ድርጅት ለማስታወቂያ ጠየቀው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሥራውን ትቶ እግር ያበቀለ እንቁላል የታተመበት ቲሸርት ይሸጥ ጀመር፤ ባለቤቱም ጥድፊያ ማሽኑን አትንካ እንጂ ከእንግዲህ የፈለገችውን እንድትሆን ፈቀደላት።

የጋሽ መዳፍ ሚስት አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ትቆርጣለች። በየቀኑ ወሬውን ይዛ ትመጣለች። «ዛሬ ደግሞ ምን አየሁ መሰለህ» ትላለች ጫማዋን እያወለቀች፣ «ተሰልፈው ሲጠብቁ በሳንቲም የመስኮቴን ብረት ጢን ጢን ያደርጉታል። አንዱ ጀምሮ ሌላው ይቀበላል። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ሁሉም። ራሴን አዞሩኝ።»

«እህ» ይላል ጋሽ መዳፍ። የልብ ልብ ይሰማዋል።

«ያንተ እጅ እኮ ነው አንተ ሰውዬ። ለምን አትናገርም?»

«እኔ አልናገርም። የሚናገር ይናገር።»

እዚህ ላይ ዕድል ከጋሽ መዳፍ ጋር መቀለድ ጀመረች። ወጣቱ ሁሉ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ኮፈኖ ላይ እየተቀመጠ፣ በሳንቲም ጢን ጢን እያደረገ «አልረጋም»ን መዝፈን ለመደ። ኮፈኖ ደግሞ ወንበር ሆኖ አልተሠራም፤ ይሰረጉዳል። ሳንቲሙም ቀለሙን ይፍቀዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ የጋሽ መዳፍ ጋራዥ ደጅ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሰልፍ ሆነ። የከተማው መኪና ሁሉ በአንድ በሽታ ተይዟል፤ በሽታው የመጣው ከጋሽ መዳፍ እጅ ነው፣ መድኃኒቱም ያለው እዚያው እጅ ላይ ነው። ይህን ደግሞ ከደንበኞቹ የሚያውቅ የለም። ደንበኛ ሁሉ እየገባ «ይሄን ነገር ያመጣው እጁ ይሰበር» ሲል እሱ አንገቱን ደፍቶ ኮፈኖውን ይዳብሳል።

ከሁሉም የባሱት ዳኛው ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሰማያዊ አሮጌ መኪናቸውን ከራሳቸው ኮት በላይ ይጠብቃሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወጣቶቹ ሁለት ጊዜ ተቀመጡባት። መኪናዋን ይዘው መጥተው፣ «ዓይኔ ሥር ነው የምትሠራት» ብለው ወንበር አስመጥተው ጋዜጣ ዘርግተው ተቀመጡ።

«ይህን ጢን ጢን የጀመረውን ሰው ባገኘው» አሉ ዳኛው፣ «ሕግ ባይኖርም አወጣለት ነበር።»

«ልክ ነዎት» አለ ጋሽ መዳፍ ጎማውን ከሚሸፍነው ፓራፋንጎ ሥር ሆኖ። መዶሻውን አነሳና መታ። ከዚያም ሁለቴ ብረቱን ነካ ነካ አድርጎ ደግሞ መታ።

ዳኛው ከጋዜጣው ቀና አሉ። መዶሻውን አዩና መልሰው አቀረቀሩ።

ችግሩ በሌላ በኩል መጣ። ቡድኑ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ ፊት ሲጫወት ታዳሚው ጢን ጢኑን ጠበቀ፤ ነርሱ አልቻለውም። አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ ሦስተኛው ላይ አንደኛው በትር ከእጁ አምልጦ የፀጉር ሠሪዋን ትከሻ መታት። ሰው አጨበጨበ፤ ግን በሐዘኔታ መሆኑ ያስታውቃል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሁለት ሺህ ሰው በሚይዘው በትልቁ አዳራሽ ሊጫወቱ ፈርመዋል፤ ትኬቱም አልቋል።

ጥድፊያ በምሳ ሰዓት ጋራዡ መጣች። ጋሽ መዳፍ ብቻውን ዳቦ እየገመጠ ነበር። አጠገቡ በተገነጠለ የመኪና ወንበር ላይ ተቀመጠች። መቀመጧ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

«አባዬ» አለች።

«አቤት።»

«ይቅርታ» ልትል አፏን ከፈተች። ጋሽ መዳፍ ማላመጡን አቆመ። ቃሏ ግን መንገድ ላይ ተጠማዘዘና ሌላ ሆኖ ወጣ። «ነርሱን… አስተምርልኝ። ያን ነገር።»

ጋሽ መዳፍ የቀረውን ዳቦ በወረቀት ጠቀለለ። «ይምጣ» አለ። ከፋው፤ ግን ሥራ ሥራ ነው፣ የሰው ልጅ ደግሞ በሰው ፊት መዋረድ የለበትም።

ነርሱ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየመጣ ይማር ጀመር። ደግ ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋሼ፣ ስሜ እዚያ ላይ መጻፉ እንቅልፍ ነስቶኛል» ይላል። ጋሽ መዳፍ አንድ የወዳደቀ በር አቁሞ መዶሻ አስያዘው።

«ከባዱን መትተህ ወዲያው አትድገም» አለው። «ቆርቆሮው ይወጠርና ይሸሽሃል፤ አንዱን ስታቃና ሌላው ጋ ይጣመማል። ሁለቴ ብረቱን ነካ ነካ አድርግ። ያኔ እጅህ ያርፋል፣ ጆሮህ ደግሞ ቀጥሎ የት መምታት እንዳለብህ ይሰማል። ያስተማረኝ ሰውዬ ባዶ ምት ይለው ነበር። እኔ ስጀምር እንደ ልጄ ችኩል ነበርኩ። ስንት በር አበላሽቼ መሰለህ። አንድም ቀን ግን አበላሸህ ብሎኝ አያውቅም፤ ‹ባዶ ምትህን ረሳህ› ነው የሚለኝ።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

ጋሽ መዳፍ ሊያሳየው መዶሻውን አነሳና ጠፋበት። ሁለቱ ሦስት ሆኑ፣ ሦስቱ አንድ። ሳቀና «ሳስበው ይጠፋል» አለ። ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ሆስፒታሉ እያወሩ ሲረሳው እጁ ራሱ ተመለሰ።

ጥድፊያ ነርሱን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ድምፅ የሰፈሯ ድምፅ፣ የቤቷ ድምፅ ነበር። ምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ሳትገባ ተመለሰች።

የዝግጅቱ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስቱ ጋሽ መዳፍን በግድ ኮት አልብሳ ይዛው መጣች። ወንበራቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ጋሽ መዳፍ ሲቀመጥ ከጎኑ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ዳኛው። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነው ያመጣቻቸው፤ ከቲሸርቷ ላይ ባለእግሩ እንቁላል ይስቃል።

«እርስዎም መጡ?» አለ ጋሽ መዳፍ ላብ ላብ እያለው።

«ወንጀለኛው ከተገኘ ልየው ብዬ ነው» አሉ ዳኛው።

ቡድኑ ስድስት ዘፈን ተጫወተ። አዳራሹ ይናጋል። ሰባተኛው «አልረጋም» ነው። የጊታሩ መግቢያ ገና ሲሰማ ሕዝቡ ጮኸ፤ ሳንቲሞች ከኪስ ወጡ። ያኔ ጥድፊያ እጇን ጊታሩ ላይ ጣለችና ዘፈኑን አቆመችው። ነርሱ የሚያውቅ ይመስላል፤ ተነስቶ በትሮቹን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ነገር አለ» አለች ጥድፊያ። ሚስቱም ጋሽ መዳፍም እንደዚያ ቀስ ብላ ስትናገር ሰምተው አያውቁም። «ይሄን ዘፈን ድራም የመታው እሱ አይደለም። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በችኮላ። የመታው አባቴ ነው። አባቴ ባትላሜራ ነው። ጢን ጢኑን የሰማሁ ቀን ሰው ፊት ‹አበላሸኸው› አልኩት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም። አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። ይኸው ሰው ፊት።»

ጋሽ መዳፍ አምስት ወር ሙሉ የጠበቀው ቃል ይኸው መጣ፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ግን ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ያየው ልጁን ሳይሆን ዳኛውን ነው።

ዳኛው ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ «ተነስ ሂድ» አሉ። «ያንተን ጉዳይ ነገ አየዋለሁ።»

ሄደ። እንዴት ደረጃውን እንደወጣ አያስታውስም። ጥድፊያ አቀፈችው፤ ጊታሯ በመካከላቸው ነበርና የጊታሩ አንገት ኮቱን ያዘው፣ ሰው ሳቀ፣ እነሱም ሳቁ። ድራሙ ፊት ተቀመጠ። ፀጉር ሠሪዋ በዓይኗ ጠቀሰችው። ዘፈኑ ተጀመረ።

ጢን ጢኑ የለም።

ከባዱን ይመታል፣ እጁ ባዶ ምቱን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ሁለት ሺህ ሰው ያንን ብቻ እየጠበቀ እያየው እንዴት አያስበው? ዓይኑን ጨፈነ። የባሰ ጠፋ። «ይኸው አሁን በእውነት አበላሸሁት» አለ በሆዱ።

ከወደ ኋላ በኩል አንድ ሳንቲም የወንበር ብረት ላይ ጢን ጢን አለ። ሌላው ተቀበለ። ከዚያ መላው አዳራሽ፣ በሳንቲም፣ በቁልፍ፣ በቀለበት፣ ልክ በቦታው ጢን ጢን ያደርግለት ጀመር። ጋሽ መዳፍ የገዛ እጁን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ ሰማው። ሰምቶትም «ይሄ ነው እንዴ? ያምራል» ብሎ አሰበ። በዚያው ቅጽበት ራሱን ረሳ፣ እጁም ተመለሰ። ጥድፊያ ዞር ብላ እያየችው «አልረጋም» እያለች ትዘልላለች፤ ዕንባዋ በአፍንጫዋ ዳር ይወርዳል። ሚስቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም «የኔ ባል ነው» ትላለች።

በማግስቱ ጠዋት የዳኛው ሰማያዊ መኪና ጋራዡ ደጅ ቆመች። እሳቸው ዝግጅቱ ላይ እያሉ ወጣቶቹ ሦስተኛ ጊዜ ተቀምጠውባታል። ዳኛው ወንበራቸውን ራሳቸው አንስተው አስቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩህ» አሉ። «ፓራፋንጎ ሥር ተኝተህ ‹ልክ ነዎት› እያልክ ጢን ጢን ስታደርግ። ስንት ዓመት የሰው ቃል ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ራስህ እስክታምን ልጠብቅህ ብዬ ነው። ጭራሽ ልጅህ ቀደመችህ።»

«ምን ይፈረድብኛል ታዲያ?»

«አንተ ታቃናታለህ፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ግብረ አበርህ ደግሞ ኮፈኖዋን በእጇ ትፍቃለች። በማሽን እንዳይሆን።»

ጥድፊያ፣ ትናንት ሁለት ሺህ ሰው ያስጨፈረችው ልጅ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ስርጉዱን የሞላውን ስቱኮ መፈቅፈቅ ያዘች። እንደ ልማዷ ትፈጥናለች። አቧራው ፊቷን አለበሳት። ጋሽ መዳፍ ከወዲያ በኩል በሩን እየደበደበ ነው። «እርጊ» ሊላት ቀና አለ።

አላላትም። ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ጥድፊያ ሁለት ሦስቴ ትፈቀፍቅና ወረቀቱ ላይ የተጣበቀውን አቧራ ለማራገፍ እንጨቱን የኮፈኖው ጠርዝ ላይ ሁለቴ ነካ ነካ ታደርገዋለች። ከዚያ መዳፏን ታንሸራትትና ደግሞ ትቀጥላለች። ማን እንዳስተማራት አያውቅም። እሷ ራሷ እያደረገችው መሆኑን አታውቅም። ዳኛው ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ጋሽ መዳፍን አዩት፤ እሳቸውም ሰምተዋል።

ጋሽ መዳፍ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ትናንት መድረኩ ላይ ሲያስበው እጁ እንዴት እንደጠፋበት ትዝ አለው።

«ምን አልክ?» አለች ጥድፊያ ቀና ሳትል።

«ምንም» አለ። «ቀጥዪ።»